ከመንቀጥቀጡ የበለጠው ማዕበል

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት እየተናወጠ የአዲስ አበባን ኮንዶሚኒየም ሁሉ ሲያወዛውዝ ከሰነበተ ወዲህ፣ ስለ ሬክተር ስኬል የማያወራ ሰው አላየሁም። «የዛሬው 5.2 ነው»፣ «ኧረ 5.8 ተብሏል» እየተባባልን በሌሊት ልብስ ደረጃ መውረድ ለምደን ነበር። ቁጥሩን ያወቀ ሁሉን ያወቀ ይመስለዋል። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ግን ያ ቁጥር ሰው ስለሚያታልልበት ቦታ ነው፤ ስለ ባሕር። መለስተኛ መንቀጥቀጥ ፎቅ የሚያህል ማዕበል ሲያስነሣ «ይህስ ከየት መጣ?» ብለው የሚነሡ ተመራማሪዎች አሉ። አንዳንዱን ጥያቄ ሃምሳ ዓመት ይዘውት ይቆያሉ፤ ሰውም እየጠየቁ፣ ዛፍም እየመረመሩ፣ ባሕሩም ሥር ድረስ እየወረዱ።

«የባሕር በር የሌለን ሰዎች ስለ ሱናሚ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። በ2004 (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዘመን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ከሱማትራ የተነሣው ማዕበል የሕንድን ውቅያኖስ ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ፣ ጎረቤታችን ሶማሊያ ሐፉን ድረስ መጥቶ ወደ 300 የሚጠጋ ሰው ገድሏል። ሩቅ አይደለም።

መጀመሪያ ተራውን ሱናሚ እንወቀው። ሁለት ግዙፍ የመሬት ቅርፊቶች ውቅያኖስ ሥር ይገናኙና አንዱ በሌላው ሥር ይገባል። ሲገባ ታዲያ ዝም ብሎ አይንሸራተትም፤ ይነክሳል። ላይኛውን ይዞ እየጎተተ፣ እያጎበጠ፣ መቶም ሁለት መቶም ዓመት ይቆይና አንድ ቀን ይለቀዋል። የተለቀቀው ቅርፊት ተስፈንጥሮ ሲነሣ ከላዩ ያለውን ሁሉ ውሃ፣ ከወለሉ እስከ ገጹ፣ ብድግ ያደርገዋል። ያ ውሃ ቦታውን ፍለጋ በየአቅጣጫው ይሄዳል። ጥልቅ ባሕር ላይ በሰዓት 700 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይጓዛል፤ ከፍታው ግን ትንሽ ስለሆነ መርከበኛው ከሥሩ ሲያልፍ ላያውቀው ይችላል። ዳርቻ ሲደርስ ነው ፍጥነቱ ቀንሶ ቁመቱ የሚጨምረው።

አሜሪካዊው ጂኦሎጂስት ጆርጅ ፕላፍከር ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ጠቃሚ ነገር አስተውሏል። በመንቀጥቀጥ ብቻ የመጣ ሱናሚ በአቅራቢያው ባለው ዳርቻ ላይ የሚወጣበት ከፍታ፣ ቅርፊቱ ከተንሸራተተበት ርዝመት እጥፍ እምብዛም አይበልጥም። ቅርፊቱ 2 ሜትር ከሄደ ውሃው 4 ሜትር ቢወጣ ነው። 15 ሜትር ከወጣ የሚጠየቅ ሌላ አካል አለ ማለት ነው። ይህቺን ልክ ያዙልኝ፤ እንፈልጋታለን።

ሚያዝያ 1 ቀን 1946። በአላስካ የአሉሺያን ደሴቶች መካከል ዩኒማክ በምትባለው ላይ፣ ስኮች ካፕ በሚሉት ሥፍራ፣ ለመርከቦች መብራት የሚያሳይ የኮንክሪት ሕንፃ ነበር። የተሠራው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፤ ጠንካራ ነው የተባለለት። ውስጡ አምስት የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች ነበሩ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ መሬቱ ተናወጠ። 50 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ማዕበሉ መጣ። ከበላያቸው ገደሉ ላይ በሌላ ጣቢያ የነበሩት ባልደረቦቻቸው ቁልቁል ቢያዩ መብራቱ የለም፤ ሲነጋም ሕንፃው የለም። ከአምስቱ አንድም አልተረፈም። ውሃው ያን ሌሊት የወጣበት ከፍታ 42 ሜትር ገደማ ነው።

ማዕበሉ በዚህ አልረካም። አምስት ሰዓት ያህል ወደ ደቡብ ተጉዞ ሃዋይ ላይ ሲደርስ ሂሎ የምትባለውን ከተማ መታ። በሃዋይ ደሴቶች 159 ሰው ሞተ። ቀኑ የማሞኛ ቀን ስለነበር «ባሕሩ እየመጣ ነው» ሲባሉ ቀልድ የመሰላቸው ነበሩ። በዚያ ጠዋት ስመ ጥሩው የባሕር ወለል ሊቅ ፍራንሲስ ሼፐርድ በኦዋሁ ደሴት ሰሜናዊ ዳርቻ በአንዲት ቤት ተኝቶ ነበር። የውሃው ጩኸት ቀስቅሶት ካሜራውን ይዞ ወጣ፤ ፎቶ ሲያነሣ ቀጣዩ ማዕበል መጥቶ አሯሯጠው። ዕድሜ ልኩን የሚያጠናው ነገር በር ድረስ መጥቶ የሚያንኳኳለት ሊቅ መቼም ብዙ አይደለም። ሼፐርድ ነፍሱን አድኖ ከባልደረቦቹ ጋር ስለዚያ ሱናሚ ዛሬም የሚጠቀስ ጥናት ጻፈ።

ችግሩ የመጣው ከቁጥሩ ነው። የዘመኑ መሣሪያዎች መንቀጥቀጡን 7.4 ብለው መዘገቡት። 7.4 ደግሞ 42 ሜትር የሚወጣ ውሃ ሊያስነሣ፣ ያንንም ውሃ ሰላማዊ ውቅያኖስን ሊያሻግረው አይችልም። ወይ ቁጥሩ ውሸት ነው፣ ወይ ሌላ አጋዥ አለ። ሁለቱም ወገን ደጋፊ አገኘ።

ቁጥሩን ከጠረጠሩት አንዱ ሂሮ ካናሞሪ ነው። በ1972 ባሳተመው ጥናት ይህን የ1946ቱን ከአንድ የቆየ የጃፓን አደጋ ጋር አጣምሮ አየው። ሰኔ 15 ቀን 1896 በሳንሪኩ ዳርቻ ሕዝቡ በዓል እያከበረ ሳለ ቀለል ያለ መንቀጥቀጥ ተሰማ። ማንም ከቁብ አልቆጠረውም። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ የመጣው ማዕበል በአንዳንድ ሥፍራ 38 ሜትር ወጥቶ ወደ 22,000 ሰው ፈጀ። ራቅ ብለው ባሕር ላይ የነበሩ ዓሣ አጥማጆች ምንም ሳይታወቃቸው አድረው፣ በነጋታው ሲመለሱ ያገኙት ሬሳና የቤት ስባሪ ነው።

ካናሞሪ ያለው ይህ ነው፦ አንዳንድ መንቀጥቀጥ ቀርፋፋ ነው። ቅርፊቱ በሰከንዶች ውስጥ ከመበጠስ ይልቅ ለደቂቃዎች እያዘገመ ይሄዳል። የሰው እግርም፣ የጥንቱ መሣሪያም የሚሰማው ፈጣኑን ንዝረት ስለሆነ አነስተኛ ይመስላቸዋል። ውሃው ግን ፍጥነቱ ግድ የለውም፤ ወለሉ ስንት ሜትር ተነሣ ነው የሚለው። ካናሞሪ እንዲህ ያሉትን «የሱናሚ መንቀጥቀጦች» አላቸው። በመስከረም 1992 በኒካራጓ ዳርቻ የደረሰው ለዚህ ሁነኛ ማስረጃ ሆነ። ዳርቻው ላይ ብዙ ሰው መንቀጥቀጡን እምብዛም ሳያስተውለው እስከ 10 ሜትር የወጣ ውሃ 170 ያህል ሰው ገደለ፤ በዚያ ዘመን ግን ቀርፋፋውንም ንዝረት የሚሰሙ መሣሪያዎች ተተክለው ስለነበር ነገሩ በግልጽ ተመዘገበ። የ1946ቱም እንደገና ሲሰላ 7.4 ሳይሆን 8.6 ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ሃዋይ ላይ የደረሰው ተፈታ። ስኮች ካፕ ላይ የወጣው 42 ሜትር ግን ለ8.6ም ቢሆን በዛ። ወደ እሱ እንመለሳለን፤ በፊት ግን ወደ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ልውሰዳችሁ፤ ለእኔ የዚህ ሙያ ትልቁ ታሪክ እዚያ ነው።

በሰሜናዊው ዳርቻ ሲሳኖ የሚባል ከባሕር የተከለለ ውሃ አለ። በእሱና በባሕሩ መካከል ቀጭን የአሸዋ መሬት ተዘርግቷል፤ አሮፕና ዋራፑ የሚባሉት መንደሮች እዚያ ላይ ነበሩ። ከፊት ባሕር፣ ከኋላ ውሃ። ሐምሌ 17 ቀን 1998፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ገደማ ሲቀረው መሬት ተንቀጠቀጠ፤ 7 ገደማ የሚለካ ነው። ከዚያ እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ከባሕሩ ተሰማ፤ ምን እንደሆነ ሊያዩ ወደ ዳርቻው የወጡ ነበሩ። 20 ደቂቃ ያህል ቆይቶ እስከ 15 ሜትር የሚደርስ ውሃ ተከታትሎ መጣ። ከ2,100 በላይ ሰው አለቀ። የሚሸሹበት ከፍታ አልነበረም።

ከየአገሩ የተውጣጡ ተመራማሪዎች በሳምንታት ውስጥ ደረሱ። እንዲህ ያለ ቡድን ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ቁመት ይለካል፦ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ጨርቅ፣ የተላጠ ቅርፊት፣ ግድግዳ ላይ የቀረ የጭቃ መስመር። ከዚያ አሸዋ ይቆፍራል፤ ባሕሩ ወደ ውስጥ የተፋው አሸዋ የት ድረስ እንደሄደ፣ ውፍረቱ ስንት እንደሆነ። ከዚያ ሰው ይጠይቃል። ይህ ሁሉ በቶሎ መሆን አለበት፤ ዝናብ ያጥበዋል፣ ሰውም ቤቱን ሊሠራ ይጠርገዋል፤ እሱም ደግ አደረገ።

ሰው መጠየቁ ላይ አንድ ችግር ነበር። ማዕበሉ መንቀጥቀጡ ካለፈ በስንት ደቂቃ መጣ? የሞት ሽረት ላይ የነበረን ሰው ደቂቃ ቁጠር አይሉትም፤ ሰዓት ያሰረም ብዙ አይደለም። በፓፑዋ ኒው ጊኒ ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂስት የነበረው ሂዩ ዴቪስ ከነዋሪዎቹ ጋር ተቀምጦ ብዙ ምስክርነት ሰብስቧል። ዘዴው ብልህ ነው፤ ከዋናው መንቀጥቀጥ 20 ደቂቃ ገደማ በኋላ ሌላ ጠንካራ መንቀጥቀጥ ነበረ፤ ጊዜው በመሣሪያ የታወቀ። «ውሃው የመጣው ከሁለተኛው በፊት ነው በኋላ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሰው መልስ አለው። በዚህ መንገድ ማዕበሉ የደረሰው በዚያው ሰዓት አካባቢ መሆኑ ታወቀ።

አሁን ሒሳቡ ቀረበ፤ አልገጠመም። አንደኛ፣ የ7ቱ መንቀጥቀጥ ቅርፊቱን የሚያንሸራትተው ሁለት ሜትር ቢሆን ነው፤ በፕላፍከር ልክ 15 ሜትር አይገኝም። ደግሞ ውሃው ከፍ ብሎ የወጣው በ30 ኪሎ ሜትር ያህል ዳርቻ ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያና ወዲህ በፍጥነት ይወርዳል። ከሁሉ የባሰው ሰዓቱ ነው፦ መንቀጥቀጡ ያስነሣው ውሃ ቢሆን ኖሮ ከዚያ አሥር ደቂቃ ያህል ቀድሞ መድረስ ነበረበት። ዘግይቶ የተነሣ ሌላ ነገር አለ።

ኤሚል ኦካል የተባለ የመንቀጥቀጥ ሊቅ መልሱን ማንም ባላሰበው ቦታ አገኘው። ከሲሳኖ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ በምትርቀው ዌክ ደሴት ዙሪያ ባሕር ውስጥ ድምፅ የሚቀዱ መሣሪያዎች ተቀምጠው ነበር። ድምፅ ባሕር ውስጥ እጅግ ሩቅ ይጓዛል። ኦካል ቅጂዎቹን ሲያገላብጥ ከዋናው መንቀጥቀጥ 13 ደቂቃ በኋላ ከዚያው አቅጣጫ የተነሣ ጠንከር ያለና ረዘም ያለ ድምፅ አገኘ። በዚያች ደቂቃ የተመዘገበው መንቀጥቀጥ ደግሞ ትንሽ ነው፤ እንዲህ ያለ የተንዛዛ ድምፅ ሊሰጥ አይገባውም። መንቀጥቀጥ ቶሎ ይጮኽና ቶሎ ያበቃል። ድምፁን እያንዛዛ የሚሄደው ናዳ ነው።

የቀረው ናዳውን ማየት ነው። በ1999 መጀመሪያ የጃፓን የምርምር መርከቦች እዚያ ሄዱ፤ በድምፅ ሞገድ ወለሉን እየዳሰሱ ካርታ አነሡ፣ ካሜራ የያዘ መሣሪያም ወደ ታች ላኩ። እንግሊዛዊው ጂኦሎጂስት ዴቪድ ታፒን ከመሪዎቹ አንዱ ነበር። ከዳርቻው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ግማሽ ክብ ሆኖ የተቦረቦረ ሥፍራ ተገኘ፤ ከሥሩ ተንሸራትቶ የተቀመጠው ጭቃ ወደ 6 ኪሎ ሜትር ኩብ ይገመታል። ካሜራው ገና ደለል ያልሸፈነው ስንጥቅና ጠርዙ ያልደበዘዘ ድንጋይ አሳየ፤ ትኩስ ነው ማለት ነው። ይህን ናዳ፣ በዚያች 13ኛ ደቂቃ አስነሥተው በኮምፒውተር ሲያስሉት ሰዓቱም ገጠመ፣ ከፍታውም ገጠመ፣ የዳርቻውም ጥበት ገጠመ።

ሁሉም ወዲያው አሜን አላለም። መንቀጥቀጡ ራሱ ሌላ ስንጥቅ አስነሥቶ ይሆናል ብለው የተከራከሩ ከባድ ሰዎች ነበሩ፤ ክርክሩም ዓመታት ወስዷል። ለእኔ ግን የዌክ ደሴቱ ድምፅ መልስ የሌለው ማስረጃ ነው። ከዚያ በፊት የባሕር ሥር ናዳ ብቻውን ሺዎችን ይገድላል ሲባል ብዙው ሊቅ ይጠራጠር ነበር፤ ከሲሳኖ በኋላ ግን የሚያስፈራ ዳርቻ ሁሉ እንደገና ይጠና ጀመር።

ከሲሳኖው ክርክር ኦካልና ባልደረባው ኮስታስ ሲኖላኪስ አንድ መለያ አወጡ፤ በ2004 አሳተሙት። ውሃው በዳርቻው ላይ የወጣበትን ከፍታ ከጫፍ ጫፍ ሥሉት ይላሉ። ከፍ ያለና ጠባብ ጉብታ ከሆነ ናዳ ነው፤ ዝቅ ብሎ መቶዎች ኪሎ ሜትር የተዘረጋ ከሆነ መንቀጥቀጥ ነው። ጠባብ ነገር ጠባብ ጉዳት ያደርሳልና። ይህንኑ ይዘው ወደ አሉሺያን ደሴቶች ሄደው ነበር፤ ከአደጋው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ! ውሃው ተሸክሞ ከፍታ ላይ የጣለውን ግንድ እየለኩ፣ በልጅነታቸው ያዩትን የሚያስታውሱ አዛውንቶችን እየጠየቁ ዩኒማክንና ሳናክን አዳረሱ። ሥዕሉ ጠባብና ረጅም ወጣ። እንግዲህ በእነሱ ፍርድ ሃዋይን የመታው መንቀጥቀጡ፣ ስኮች ካፕን ያጠፋው ናዳ ነው። ናዳውን ባሕር ሥር ፈልገው ካርታ ያነሡት ግን እስካሁን ሁሉን የሚያስማማ ቦታ አላገኙም። ይህም መነገር አለበት።

ናዳ ምን ያህል ሊያደርስ ይችላል ካላችሁኝ፣ ሊቱያን ልንገራችሁ። አላስካ ውስጥ ነች፤ በተራሮች የታቀፈች ጠባብ የባሕር ሰርጥ። የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ባልደረባ ዶን ሚለር በ1950ዎቹ መጀመሪያ እዚያ ሲሠራ አንድ ነገር ዓይኑን ያዘው። በሰርጧ ዙሪያ ከተወሰነ ከፍታ በታች ያለው ጫካ ወጣት ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ግን ያረጀ። ድንበሩ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። ሚለር የዛፎቹን ዓመታዊ ቀለበት ቆጥሮ ቀደም ሲል ቢያንስ በ1936ና በ1850ዎቹ አንድ ግዙፍ ነገር ጫካውን እንደላጨው ደረሰበት። ጥርጣሬውን ይዞ ሳለ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1958 ሊቱያ ራሷ መለሰችለት።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ከሩብ ላይ 7.8 የሚለካ መንቀጥቀጥ ደረሰ። ከሰርጧ ጫፍ በላይ ካለው ገደል 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚሆን ቋጥኝ በአንድ ጊዜ ተናደና ውሃው ውስጥ ገባ። በማዶው ተራራ ላይ ውሃው የወጣበት ከፍታ 524 ሜትር ነው። ቁጥሩ አልተሳሳተም። ጫካው እስከዚያ ድረስ ከነሥሩ ተነቅሎ አለቱ ባዶውን ቀረ። በዚያ ምሽት ሰርጧ ውስጥ ሦስት የዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎች ነበሩ፤ በአንዷ የነበሩት ሁለት ሰዎች ሞቱ፣ የሁለቱ ጀልባዎች ሰዎች ግን ማዕበሉን ጋልበው ተረፉ። ብዙ ዓመት ቆይቶ በዙሪክ ሄርማን ፍሪትዝና ባልደረቦቹ ሊቱያን በ1 ለ675 አሳንሰው በቤተ ሙከራ ሠሯት፤ በታመቀ አየር ኃይል ጠጠር ወደ ውሃው አስፈነጠሩ። ውሃው በማዶ በኩል የወጣው በልኩ ሲሰላ ከሚለር መለኪያ ጋር ገጠመ። ደግነቱ እንዲህ ያለ ማዕበል እንደ ተነሣበት ቦታ ጠባብ ነውና ሰርጧን ሲወጣ አቅሙ ያልቃል።

እንግዲህ ትልቅ ማዕበል ባያችሁ ቁጥር «ናዳ ነው» ልትሉ እንዳይሆን። መጋቢት 11 ቀን 2011 ጃፓን ላይ የደረሰው ይህን አስተምሯል። መንቀጥቀጡ 9 ነበር፤ ቢሆንም እስከ 40 ሜትር የተጠጋ ውሃ ማንም አልጠበቀም። የጃፓን ተመራማሪዎች ከአደጋው በፊት ያነሡትን የባሕር ወለል ካርታ አውጥተው መርከብ በዚያው መስመር መልሰው ላኩ። ሁለቱን ሲያነጻጽሩ፣ ቅርፊቶቹ በሚገናኙበት ጥልቅ ቦይ አጠገብ ያለው ወለል ወደ 50 ሜትር ገደማ ወደ ምሥራቅ ሄዷል፤ 10 ሜትር ያህልም ተነሥቷል። 50 ሜትር! የሚጠበቀው ደግሞ ተቃራኒው ነበር፤ ወደ ቦዩ የተጠጋው ለስላሳ ክፍል ኃይል አያጠራቅምም፣ መንቀጥቀጡ እዚያ ሲደርስ ይከስማል ይባል ነበር።

ለምን አልከሰመም? ይህን ለማወቅ ቺክዩ የምትባል መርከብ በ2012 ሄደች። 6,900 ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ላይ ቆማ፣ ከወለሉ በታች ደግሞ ከ800 ሜትር በላይ ቆፍራ የተንሸራተተውን ንብርብር አወጣች። ውፍረቱ ከ5 ሜትር አይበልጥም፤ እጅግ የሚያዳልጥ ሸክላ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ የሙቀት መለኪያዎች ለወራት ተትተው በኋላ ወጡ። ሁለት ዓለት ሲፋተግ ይሞቃል፤ ከሰበቃው የቀረው ሙቀት ስንት ነው? ከዲግሪ አንድ ሦስተኛ እንኳ አልሞላም። ፍትጊያው ያን ያህል ትንሽ ነበር፤ ሸክላው ያለ ተቃውሞ ለቀቀ። ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ የመንቀጥቀጥን ሙቀት በውቅያኖስ ሥር ሄዶ መለካት፣ እኔ ከሰማኋቸው የሰው ልጅ ሥራዎች ሁሉ የሚያስደንቀኝ ነው። ይህም ሆኖ ውሃው ከሁሉ በላይ የወጣበትን የሳንሪኩን ዳርቻ ይዞ ታፒን ከባልደረቦቹ ጋር «እዚያስ ናዳ ታክሎበታል» ብሏል። ብዙዎች አልተቀበሉትም፤ ክርክሩ ክፍት ነው።

ሳላጫውታችሁ የማላልፈው አንድ የቅርብ ጊዜ ነገር አለ። መስከረም 16 ቀን 2023 በዓለም ዙሪያ ያሉ የመንቀጥቀጥ መመዝገቢያዎች እንግዳ ነገር መዘገቡ። መንቀጥቀጥ ዝብርቅርቅ ያለ ነው፤ ይህ ግን በየ92 ሰከንዱ አንድ ዓይነት ሆኖ እየተመላለሰ ዘጠኝ ቀን ቆየ። ከአርክቲክ እስከ አንታርክቲካ ተሰማ። ምንነቱን ያወቀ ስላልነበረ ተመራማሪዎቹ «ያልታወቀ የመንቀጥቀጥ አካል» ብለው በቀልድ ጠሩት። በዚያው ሰሞን ምሥራቅ ግሪንላንድ ውስጥ ሰው በሌለበት ዲክሰን በሚባል ጠባብ የባሕር ሰርጥ ትልቅ ሱናሚ እንደነበር ወሬ መጣ። ከ15 አገሮች የተውጣጡ 68 ተመራማሪዎች ነገሩን ያዙት፤ የዴንማርክ ባሕር ኃይል ሥፍራውን ፎቶ አነሣ፣ የሳተላይት ሥዕልም ተመረመረ። ከውሃው በላይ 1,200 ሜትር የነበረ የተራራ ጫፍ የለም። ሥሩን ደግፎት የኖረው የበረዶ ግግር በሙቀት ሳስቶ ነበርና 25 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አለትና በረዶ ተናደ። ውሃው 200 ሜትር ወጣ። ከዚያ መውጫ ስላጣ በሳፋ ውስጥ እንዳለ ውሃ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ዘጠኝ ቀን ዋለ፤ በየምልልሱ የመሬትን ቅርፊት እየገፋ። ቁመቱ በመጨረሻ ሴንቲ ሜትሮች ብቻ ነበር፤ ዓለም ግን ሰምቶታል። የመርከብ ጎብኚዎች በዚያ አካባቢ ያልፋሉ፤ በዚያ ቀን ማንም አልነበረም። በአደጋው አንድም ሰው ስላልሞተ ነው እንዲህ ዘና ብዬ የማወራው።

ተጠርጣሪው ሁልጊዜ ከሥር አይደለም። ጥር 15 ቀን 2022 በቶንጋ ባሕር ሥር የነበረው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የአየር ግፊቱ ሞገድ ምድርን ዞረ፤ ውቅያኖሱን ከላይ እየተጫነ ስላለፈ ውሃው ከተጠበቀው ሰዓት ቀድሞ በሩቅ ዳርቻዎች ከፍ ዝቅ አለ። ጃፓን ውስጥ የማስጠንቀቂያ ባለሙያዎች ግራ የተጋቡት ለዚህ ነው፤ የእነሱ ሰዓት የተቀመረው ለመንቀጥቀጥ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ጭንቀቱ። የሱናሚ ማስጠንቀቂያ በአብዛኛው የሚጀምረው ከዚያ ከሬክተር ቁጥር ነው። በጥልቅ ባሕር ወለል ላይ የተቀመጡ የግፊት መለኪያዎች አሉ፤ በላያቸው የሚያልፈውን ማዕበል በሳተላይት ይናገራሉ፤ ለሩቅ አገር ሰው እጅግ ይጠቅማሉ። ለቅርቡ ግን አይደርሱም። ታኅሣሥ 22 ቀን 2018 በኢንዶኔዥያ የአናክ ክራካታው ተራራ ጎን ተደርምሶ ባሕር ሲገባ ከ400 በላይ ሰው የሞተው ማስጠንቀቂያ የሚያስጮኽ መንቀጥቀጥ ስላልነበረ ነው።

ስለዚህ በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ላላችሁ ወገኖቼ አንድ ቃል። ከዋሽንግተንና ከኦሪገን ፊት ለፊት ባሕር ሥር ያለው ስንጥቅ ለመጨረሻ ጊዜ በሙሉ የተለቀቀው ጥር 26 ቀን 1700 ማታ ነው። ቀኑ እስከዚህ የታወቀው በጃፓን መንደሮች መንቀጥቀጥ ሳይሰማ የመጣ «ወላጅ አልባ» ማዕበል ተጽፎ ስለተገኘና፣ አሜሪካ ዳርቻ ላይ ጨው ውሃ ውስጥ ሰምጠው የደረቁት ዛፎች ቀለበትም በዚያው ክረምት ስለቆመ ነው። ያኔ 9 ገደማ እንደነበር ይሰላል። እንግዲህ ከሲያትልም ከፖርትላንድም ወጥታችሁ ውቅያኖስ ዳር ስትዝናኑ መሬቱ ለረጅም ጊዜ ቢናወጥ፣ ወይም ባሕሩ ድንገት ወደ ኋላ ቢሸሽ፣ ወይም ከውሃው በኩል እንግዳ ጩኸት ቢመጣ፣ ስልካችሁ ላይ ቁጥሩ እስኪወጣ አትጠብቁ። ልጆቻችሁን ያዙና ዳገት ውጡ።